ባዶዋን ወንበር ማን አየ?

የዚህ ወር የመጻፍ ተራ የእኔ ነው ሲሉኝ ስለ ወረቀትና ስለ ደሞዝ እንድጽፍ ነበር የታሰበው። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት እህቶች በሚቀጥለው እትም ይመለሱበታል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ታንኳ ነው። አትሳቁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና እሁድ ስንገናኝ ትስቁብኛላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራበት ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ፊሊፒናዊት ትሠራለች። ቆሻሻ ስናወርድ፣ ባልኮን ስናጥብ እንገናኛለን። በእሷ የተሰባበረ ዓረብኛና በእኔ የተሰባበረ እንግሊዝኛ እንግባባለን፣ እንዲያውም ከአንዳንድ ያገሬ ሰው ይልቅ ከእሷ ጋር እግባባለሁ። የእናቷ ታናሽ እህት የምትኖረው ሃዋይ ነው። ሃዋይ የአሜሪካ ግዛት ትባል እንጂ ከዋናው አሜሪካ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ያህል የምትርቅ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ያለች የደሴቶች አገር ናት። ፊሊፒኖች እዚያ የሄዱት ዛሬ አይደለም። በፈረንጆች 1906 የመጀመሪያዎቹ 15 ወንዶች ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ በኮንትራት ሄዱ፣ ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ተከተሏቸው። ኮንትራት የሚለው ቃል የኛ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

አክስትየዋ ኦዋሁ በምትባለው ደሴት ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አንሶላ ትቀይራለች፣ ሽንት ቤት ትፈትጋለች፣ ወገቧን ያማታል። ሥራውን እናውቀዋለን። አመሻሽ ላይ ግን ባሕር ዳር ትወርድና ከሌሎች አምስት ሴቶች ጋር ታንኳ ትቀዝፋለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል።

ቪዲዮውን መጀመሪያ ያየሁ ዕለት "ሀብታም ናት እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት። ምን ላድርግ፣ እዚህ ቤሩት ባሕሩ ዓይናችን ስር ነው፣ እሁድ እሁድ ኮርኒሹ ላይ ወዲያ ወዲህ እንላለን፣ ራውሼ ዓለቱ ፊት ፎቶ ተነስተን ለእናታችን እንልካለን። ውኃው ውስጥ መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። የማዳምን ልጅ ይዛችሁ ግቡ፣ እናንተ ግን እግራችሁን እንዳታስነኩ የሚሏችሁ ቦታዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ጓደኛዬ ግን "ሀብታም አይደለችም፣ ክለብ ውስጥ ናት" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይ በምንጠጣበት አሥር ደቂቃ ሁሉ የዚያን ክለብ ነገር ስጠይቃት ከረምኩ።

ታንኳይቱ በሃዋይ ቋንቋ "ዋዓ" ትባላለች። የጣናን የደንገል ታንኳ የምታውቁ እንደዚያች እንዳትመስላችሁ። ርዝመቷ ከ12 ሜትር በላይ ነው፣ ስፋቷ ግን አንድ ሰው ብቻ ያስቀምጣል። ስድስት ሰዎች በአንድ መስመር፣ አንዷ ከሌላዋ ጀርባ ይቀመጣሉ። ለውድድር የምትቀርበዋ ክብደቷ ከ400 ፓውንድ፣ በእኛ ከ180 ኪሎ በላይ፣ ማነስ የለበትም። እንዲህ ያለ ረጅምና ጠባብ ነገር ብቻውን ውኃ ላይ ቢተው ወዲያው ይገለበጣል። ስለዚህ በግራ ጎኗ ሁለት የጎበጡ እንጨቶች ይዘረጉና ጫፋቸው ላይ ቀጭን ተንሳፋፊ ግንድ ይታሰራል። ሁለቱ እንጨቶች "ኢያኮ" ይባላሉ። ተንሳፋፊው ደግሞ "አማ" ይባላል።

አማ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በእኛ ቋንቋ አማ ምን ማለት እንደሆነ ለጓደኛዬ ለማስረዳት ሻዩ ቀዘቀዘ። እነሱን ከመገልበጥ የሚጠብቃቸው አማ ነው። እኛ ማኅበር ውስጥ አማ ምን እንዳደረገን የአምናውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ እሱን አልከፍተውም።

እንጨቶቹ በምስማር አይመቱም፣ በገመድ ነው የሚታሰሩት። በምስማር የተመታ እንጨት ማዕበል ደጋግሞ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ገመድ ግን ትንሽ ላላ ጠበቅ እያለ ይችለዋል። አስተሳሰሩን ትልልቆቹ ለልጆቹ ያስተምራሉ። አክስትየዋ የመጀመሪያውን ወር ከመቅዘፍ ይልቅ ገመድ ስትስብና ታንኳ ስትሸከም ነው ያሳለፈችው። ያን ያህል ክብደት ያለውን ነገር ከአሸዋ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ አሸዋ የሚያመላልሰው ሁሉም ነው፣ አሠልጣኙም ልጁም። ልምምድ ሲያልቅ ታንኳው ታጥቦ ቦታው ሳይገባ "ደክሞኛል፣ ልሂድ" የሚባል ነገር ነውር ነው። ታንኳውን በላዩ ተራምዶ ማለፍም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ለእንዲህ ያለው መረዳዳት "ላውሊማ" የሚል ቃል አላቸው፣ ብዙ እጅ እንደማለት ነው። እኛ ደቦ የምንለው ነው።

ስድስቱ ወንበሮች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። አንደኛዋ አቀዛዘፉን ታወጣለች፣ ፈጣን ይሁን ዝግ ያለ የምትወስነው እሷ ናት። ሁለተኛዋ በሌላው ጎን ሆና እኩል ትሄዳለች። ሦስተኛዋና አራተኛዋ "ሞተር" የሚሏቸው ናቸው፣ ጉልበቱ እዚያ ነው። አምስተኛዋ ጉልበትም አላት፣ አማው ከውኃ ብድግ እንዳይልም ትጠብቃለች። ስድስተኛዋ ከኋላ ሆና መንገዱን ትመራለች። ሦስቱ በቀኝ ሦስቱ በግራ ይቀዝፉና ከ12 እስከ 15 ጊዜ ያህል ከቀዘፉ በኋላ አንዷ "ሃት!" ብላ ትጣራለች፣ ከዚያ "ሆ!" ሲባል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጎን ይቀይራሉ። የእኛ ሰው ሆ ብሎ ሲነሳ እንደሚባለው ማለት ነው። ክንድ እንዳይዝል ነው የሚቀያየሩት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛዋ ወንበር ላይ ያለችው ማንንም አታይም። ፊቷ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ከጀርባዋ አንዷ ብትደክም፣ ብታለቅስ፣ ብትወድቅ እንኳ ካልተነገራት አታውቅም። ሌሎቹ ግን እያንዳንዳቸው የፊተኛይቱን ጀርባ ያያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ ቀን ጓደኛዬ ሌላ ቪዲዮ አሳየችኝ። ስድስቱ ሴቶች ባሕር መሃል ሆነው ሆን ብለው ታንኳውን ይገለብጣሉ! መገልበጥ በእነሱ ቋንቋ "ሁሊ" ይባላል፣ ይህ ደግሞ የሁሊ ልምምድ ነው። አንድ ቀን ማዕበል ሲገለብጣቸው እንዳይደነግጡ በደህናው ቀን ይለማመዱታል። ጭንቅላታቸው ከውኃ ብቅ ሲል ታንኳውን ለመያዝ፣ መቅዘፊያውን ለመልቀም ይሯሯጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። "አንድ!" ትላለች አንደኛዋ። "ሁለት!" "ሦስት!" እስከ ስድስት። አንዱ ቁጥር ካልተመለሰ ታንኳው ይቅርና መቅዘፊያው ይቅርና ያቺ ትፈለጋለች፣ ከታንኳው ስር ገብታ ይሆናላ። ስድስቱም ድምፅ ከተሰማ በኋላ ነው አማውን ገፍተው ታንኳውን የሚያቃኑት፣ ውኃውን እየጨለፉ የሚያወጡት፣ ተመልሰው የሚወጡት።

ቪዲዮው ሲያልቅ ጓደኛዬ ስልኳን ኪሷ ከተተችና እንዲህ አለችኝ፦ "ያቺ ረጅሟ ጓደኛሽ፣ እሁድ እሁድ ከታች በር ላይ የምትጠብቅሽ፣ የት ሄደች?"

ዝም አልኩ። ከዚያ ቀኑን መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት እሁድ።

ስሟን አልጽፍም፣ ታሪኩን ግን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ከእኛ ማኅበር ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። መዋጮዋን አታጓድልም፣ ጠጅ ሳር ባይገኝ እንኳ ለቡናው አበባ ይዛ የምትመጣው እሷ ነበረች። ሰባት እሁድ ስትቀር ግሩፑ ላይ 43 ሰው አለ፣ አንድም ሰው የት ገባች ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" አልኩ በሆዴ። አንዷ "ፍቅር ይዟት ነው" አለች፣ ሳቅን። ሌላዋ "ኮርታለች" አለች። አማ እንግዲህ ይሄ ነው።

እሷ ለካ የመስኮት መስታወት ስታጸዳ ከመሰላል ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ማዳሟ ወሬው እንዳይወጣ ስልኳን ወሰደችባት፣ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ በአንድ እጅ ሥሪ አለቻት። የጓደኛዬ ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ በዚያው ሳምንት ፈልገን አገኘናት፣ የሚረዱን ሰዎችም ተገኙ፣ ሐኪም ዘንድ ደረሰች። ሐኪሙ "ቶሎ መጥታ ቢሆን ኖሮ" አለ። አሁን እጇ ድኗል ይባላል፣ ሁለቱ ጣቶቿ ግን ሙሉ አይታጠፉም። እንጀራ ስትቆርስ አያችኋት? እኔ አይቻለሁ። ዞር እላለሁ።

ማዳሟ ያደረገችው የማዳሟ ነው፣ ስለሱ በሌላ ቦታ ተነጋግረናል። እኔ ዛሬ የምለው ስለ ሰባቱ እሁድ ነው። ያ የእኛ ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የእሁዱን ቡና፣ ሙዚቃውን፣ የበዓሉን ድግስ እናስቀር፣ ማኅበሩ ለችግር ጊዜ ብቻ ይሁን፣ መዋጮው ለትኬት፣ ለሆስፒታልና ለሬሳ መላኪያ ይቀመጥ የሚል። ሐሳቡን ያቀረቡት እህቶች ክፉ አስበው አይደለም። በ2020 ዶላር ሲጠፋ፣ ኮሮና ሲመጣ፣ ወደቡ ሲፈነዳ፣ ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ የተጣሉትን እህቶች ያነሱት እነሱ ናቸው፣ ከኪሳቸው አውጥተው። "ማኅበር ለጭፈራ አይደለም" ሲሉ ያዩትን አይተው ነው። ያም ሆኖ ልክ አይደሉም ብዬ አምናለሁ፣ እጄንም አላወጣሁም። ለምን እንደሆነ ያኔ በደንብ መናገር አልቻልኩም፣ አሁን ልሞክር።

እነዚያ የሃዋይ ክለቦች እኮ እንደ እድርም ያደርጋቸዋል። አባል ሲሞት በታንኳ ወደ ባሕር ይወጣሉ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ አመዱን ውኃው ላይ ይበትናሉ፣ አበባ ይጥላሉ። ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ምግብ ያደርሳሉ። ግን ለዚያ ብሎ የተመዘገበ የለም። የተመዘገቡት ለመቅዘፍ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ስለሚገናኙ ነው የማን ጉልበት እንደታመመ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ ማን ከሥራ እንደተባረረ የሚያውቁት። ደህናው ቀን ላይ ተያይተው ነው ክፉው ቀን ላይ የሚተዋወቁት። እኛ ደግሞ ደህናውን ቀን አስቀርተን ክፉውን ብቻ እንጠብቅ እያልን ነው። የተሰበረች እህት "ተሰብሬያለሁ" ብላ እስክትደውል ማለት ነው። ስልኳ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ቢሆንስ?

የውድድር ቀናቸውን ብታዩ ትቀናላችሁ። በበጋ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ከማለዳ ጀምሮ ባሕር ዳሩ ድንኳን በድንኳን ይሆናል። በአንድ ቀን ወደ አርባ የሚጠጋ ውድድር አለ። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይቀዝፋሉ፣ ከ60 በላይ የሆናቸው ሴት አያቶችም ይቀዝፋሉ፣ ለየዕድሜው የራሱ ዙር አለው። ዘንድሮ የጀመረች ሴት ከልምድ አዋቂዎቹ ጋር አትጋጭም፣ ለጀማሪ ለብቻው ዙር አለ፣ አዲስ መሆን አያሳፍርም። የሕፃናቱም የአያቶቹም ነጥብ ተደምሮ ነው የክለቡ ውጤት የሚሆነው። ስለዚህ የ30 ዓመቷ ጠንካራ ቀዛፊ የ11 ዓመቷን ልጅ ከዳር ሆና እየጮኸች ታበረታታለች፣ ነጥቧ ያስፈልጋታላ። እኛ ጋ አዲስ የመጣች ልጅ በር አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን ስታይ ውላ ትሄዳለች። በሦስተኛው እሁድ አትመጣም።

ገንዘቡንም እንደኛው ነው የሚያሰባስቡት። "ሁሊ ሁሊ" የሚባል በከሰል ላይ እየተገለባበጠ የሚጠበስ ዶሮ አለ፣ ክለቦችና ትምህርት ቤቶች በየመንገዱ ዳር ጠብሰው ይሸጡታል። ታንኳ ሲገለበጥ ሁሊ፣ ዶሮ ሲገላበጥም ሁሊ። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ እኛ የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ በሣህን ሸጠን የዚያችን የጎንደሯን ልጅ ትኬት የገዛነውን ነገርኳት። ድግሱን እናስቀር የምትሉ እህቶች፣ ያ ገንዘብ ከድግስ ነው የመጣው።

ሃዋይ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። ክለቦቻቸው ውስጥም ጠብ አለ፣ አሠልጣኙ የሚያዳላላት አለች፣ አክስትየዋ አንዴ ተቀይማ ሙሉ ዓመት ቀርታ ነበር። ታሪኩም ንጹሕ አይደለም። የሃዋይ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ታንኳ ይወዳደሩ ነበር፣ ሚስዮናውያን ከመጡ በኋላ ግን ከቁማር ጋር ተያይዞ እንደ መጥፎ ነገር ታየና ተዳከመ። ንጉሥ ካላካዋ በ1875 የልደቱን ቀን፣ ኖቬምበር 16ን፣ የጀልባና የታንኳ ውድድር ቀን አድርጎ መልሶ አነሳው። በ1908 ዋይኪኪ ባሕር ዳር የተቋቋመው ክለብ አባሎቹ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። የአገሩ ልጆች፣ ዋናተኛው ዱክ ካሃናሞኩ ጭምር፣ በ1911 "ሁይ ናሉ" የሚባለውን የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። በገዛ ባሕራቸው ዳር! እንግዲህ በር ላይ መመለስን ያወቅነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ሴቶቹማ የባሰ ነው። ሞሎካይ ከምትባለው ደሴት ተነስቶ ኦዋሁ የሚደርስ ትልቅ ውድድር አለ፣ ወደ 41 ማይል፣ በእኛ 66 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ሞገዱ ቤት የሚያክልበት ጠባብ ባሕር ማቋረጥ ነው። ወንዶቹ በ1952 በሦስት ታንኳ ጀመሩት። ሴቶቹ እኛም እንሻገር ሲሉ ለሴት አይሆንም፣ አደገኛ ነው ተባሉ። ዓመታት አለፉ። በ1975 የሴቶች ቡድኖች ሳይፈቀድላቸው በራሳቸው ተሻግረው አሳዩ። በ1979 የራሳቸውን ውድድር አቋቋሙ፣ ስሙም "የባሕሩ ሴቶች" እንደማለት ነው። ፈጣኖቹ እንኳ ለመሻገር ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀዝፋሉ። ረጅም ስለሆነ ቡድኑ ከስድስት ሰው በላይ ይይዛል። ተቀያሪዎቹ ከአጃቢ ጀልባ ባሕር ውስጥ ይዘላሉ፣ ታንኳው ሲደርስ የደከመችው በአንድ ጎን ወደ ውኃው ትወጣለች፣ አዲሷ በሌላው ጎን ትገባለች፣ ታንኳው አይቆምም። የወጣችውን ጀልባው ያነሳታል። ያን ሁሉ ሞገድ ውስጥ ማንንም ረስተው አይሄዱም።

ከእኛ መሃል ጀልባ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ የሚለወጥ እህት አለች። ከኦቦክ የመን የተሻገረች ናት። ይህን ጽሑፍ ሳነብላት ፈርቼ ነበር። ሰምታ ሰምታ "እኛን ማንም አልቆጠረንም ነበር" ብቻ አለች። ሌላ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። "አክስትየዋ ሥራ ጨርሳ ቤቷ ትገባለች፣ ፓስፖርቷ እጇ ላይ ነው፣ እኛ ምን አለን?" እውነት ነው። ፍሪ የምንሠራው እሁድ አለን። ኮንትራት ቤት ያሉት ብዙዎቹ በር ተቆልፎባቸዋል፣ ቡናም ስብሰባም የለም ለእነሱ። ታዲያ ለእነሱ ነው እኮ ወንበር የሚያስፈልገው! እሁድ የምትመጣዋን ሁላችንም እናያታለን። የማትመጣዋን የሚያይ ሰው ነው የጎደለው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኼ ነው። ግሩፑ ላይ ያለነው 43 ሰዎች ስድስት ስድስት እንሁን። በሰፈር ቢሆን ይሻላል፣ የዳውራ ከዳውራ፣ የቦርጅ ሐሙድ ከቦርጅ ሐሙድ፣ ተራራ ላይ ያሉት ከተራራ። አንዷ ትተርፋለች፣ እሷ ከአንዱ ጋር ሰባተኛ ትሁን፣ ጠብ የለም። በየስድስቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ወይ ሁለት መውጣት የማትችል እህት ትኑር። እያንዳንዷ ቁጥር ይኑራት። እሁድ ማታ፣ ሁሉም ሥራ ከጨረሰ በኋላ፣ አንዷ ከሌላዋ ቀጥላ ቁጥሯን ትላክ፦ 1፣ 2፣ 3። ሌላ ነገር መጻፍ አያስፈልግም፣ ባይጻፍም ይሻላል፣ ስልኳን ማዳም የምታነብባት አለች። ካርድ የሌላት ሚስኮል ታድርግ። ስልክ የሌላት ከሆነች ጎረቤት ሕንፃ ያለችው እህት ባልኮን ላይ አይታት ቁጥሯን ትላክላት። እስከ ሰኞ ማታ ቁጥሯ ካልመጣ አምስቱ ይፈልጓታል። ጸሐፊዋን ወይ ሰብሳቢዋን አይጠብቁ። ሰብሳቢያችን አንደኛ ወንበር ላይ ናት፣ ፊቷ ያለው ውኃ ነው፣ የኋላውን አታይም። በእሷ ላይ መጮህ ልማድ አድርገነዋል፣ እኔም ጮኬባታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ።

ቡናው ደግሞ አይቅር። ሙዚቃውም። የገንዘቡን ጉዳይ ከሆነ ግማሽ ግማሽ እንበል፣ ወይም ቡናና ስኳር በተራ ይዘን እንምጣ፣ ከመዋጮው ምንም አይነካም። አዲስ የመጣችውን ልጅ በር ላይ አናስቀምጣት፣ ረከቦቱ አጠገብ ትቀመጥና ስኒ ታጥባ፣ ቡና ታቁላ። ሥራ ሲሰጧት ነው የምትመጣው። ይህን ከአክስትየዋ ገመድ ነው የተማርኩት።

አንዳንዶቻችሁ "ቁጥር የምትልክ ግን ውስጧ የምትነድ አለች" ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ ቁጥር ሁሉን አይናገርም። "ደህና ነኝ" እያልን ለእናታችን የምንዋሸውን እናውቃለን። ቢሆንም ሰባት እሁድ አይሆንም። ቢበዛ ስምንት ቀን ነው። ቶሎ የተደረሰላት እጅ የመታጠፍ ዕድል አለው።

የእኛን ስድስት ቀድመን ጀምረናል፣ ሦስት እሁድ ሆነን። መጀመሪያው እሁድ ሁለቱ ረሱ፣ አንዷ ተኝታ ነበር፣ ሌላዋ ቁጥሯን ረስታ አራት ለማለት አምስት ላከችና ስንፈላለግ አመሸን። በሁለተኛው ሁሉም መጣ። በሦስተኛው ስድስተኛዋ አልመጣችም። ሰኞ ጠዋት አምስታችንም ደወልን፣ ስልኳ ዝግ ነው። ዳቦ ቤቱ ያለችው እህት ሄዳ ከመንገድ ጠራቻት፣ ባልኮን ወጣች። ቻርጀሯ ተበላሽቶ ነው። ያን ያህል ሰው ስለ ቻርጀር እንደፈለጋት ስታውቅ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ቻርጀር ገዝተን በልብስ መስቀያ ገመድ አስገባንላት።

ወረቀቱን በሚቀጥለው እሁድ ቡናው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ስድስት ስድስት መስመር ተሰምሮበታል። መጻፍ የሚያስቸግራት ለእኔ ትንገረኝ፣ እጽፍላታለሁ። መምጣት ለማትችለዋ እህት የምታውቃት ሰው ትመዝግብላት፣ ሰፈሯንና ፎቋን ብቻ፣ የማዳሟን ስም አትጻፉ። ለፊሊፒናዊቷ ጓደኛዬም አንድ ስኒ አስቀምጡልኝ፣ እሁዷን ካገኘች ትመጣለች።

እህታችሁ፣ ቁጥር 4